የመንገድ ይሉኝታ

አገሩን ለቆ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሻንጣው ውስጥ የሚከተው ነገር የታወቀ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ለብርድ የምትሆን ጋቢ፤ ቦታ ከተረፈም የእናት ፎቶግራፍ። በጉምሩክ የሚፈተሸውም ይኸው ነው። ማንም የማይፈትሸው፣ ሚዛን ላይ የማይወጣ ሌላ ጓዝ ግን አለ፤ እርሱም ጠባያችን ነው። ሰላምታ አሰጣጣችን፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብድግ ማለታችን፣ በር ላይ «ይቅደሙ፤ የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባልን መጓተታችን አብሮን ድንበር ይሻገራል። ይህ ጠባይ ሰው አገር ሳሎን ውስጥ ቢገለጥ ቢበዛ ፈገግታ ያተርፍልናል። መሪ ጨብጦ አውራ ጎዳና ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መቼም ሰው አገር ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ስለሚነዳ ሰው ሲነሣ፣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ሕጉ ነው። ሕግ ግን ይጠናል። ዋሽንግተን ዲሲ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 አውጥታለች፤ የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ መፈተን ይቻላል። ስለዚህ የሚያስቸግረው በመጽሐፉ የተጻፈው አይደለም። የሚያስቸግረው ማንም ያልጻፈው፣ እያንዳንዱ የአገሬው ሰው ከአባቱ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረው፣ እኛም በበኩላችን ከሚኒባስ ወንበር ላይ የተማርነው ነገር ነው። እኔ የመንገድ ይሉኝታ እለዋለሁ።

ይህን ለማየት ዕድል ያገኘሁት በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዋሽንግተን ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በምትገኘው በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አጎቴ ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጬ ነበር። አጎቴ ወደ አሜሪካ የገቡት በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። መንዳት አዲስ አበባ የተማርኩ ብሆንም በዚያ አገር መንገድ ላይ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ሲያስተምሩ ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን እምብዛም አያነሡም፤ ስለ ሰው ነበር የሚያወሩት።

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚፈራው ግራና ቀኙን ነው። እንግሊዝ ወይም ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ ወገናችን «በግራ እንዴት እነዳለሁ?» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ይህ ግን ከሁሉ የሚቀልለው ነው። ከሞያሌ ተነሥቶ ኬንያ የሚገባ ሾፌር ድንበሩን እንዳለፈ ከቀኝ ወደ ግራ ይዛወራል፤ ሲመለስም እንዲሁ። እኛም ራሳችን እ.ኤ.አ. እስከ 1964፣ ማለት እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ስንነዳ የኖርን ሕዝብ ነን። ስዊድን ከእኛ ሦስት ዓመት ዘግይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ አገር በሙሉ በአንድ ሌሊት ወደ ቀኝ ተዛውራለች። እጅና እግር ይለምዳሉ። ለአሜሪካ መንገድ ቁጥርም ቢሆን ያው ነው፤ 65 የሚለው የፍጥነት ምልክት በማይል ነውና 105 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን፣ በመኖሪያ ሰፈር የሚታየው 25ም 40 ኪሎ ሜትር መሆኑን በሁለት ቀን ውስጥ አእምሮ ያሰላዋል። የማይለምደው ዐይን ነው።

አዲስ አበባ ላይ የምንነዳው ሰውን እያየን ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስንደርስ የምናነበው ምልክቱን ሳይሆን የባለመኪናውን ፊት ነው። ይገባል ወይስ ይፈራል? ቸኩሏል ወይስ ስልክ ያወራል? ዐይን ለዐይን ከተጋጠምን በኋላ በቅንድብ፣ በእጅ፣ በክላክስ እንስማማለን። ክላክሳችንማ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። ሰላምታም ነው፣ ምስጋናም ነው፣ «መጣሁ» ማለትም ነው፣ ጓደኛን ከቤት መጥሪያም ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ግን ሳምንት ሙሉ ነድቼ ክላክስ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ሁለቱም ስድብ ነበሩ። «እዚህ ሰውየውን አትዪ፣ መስመሩን እዪ» ይሉኝ ነበር አጎቴ። «ሰውየው አያይሽም፤ እርሱም የሚያየው መስመሩን ነው። መስመርሽን ከለቀቅሽ ለእርሱ የለሽም።»

ከምልክቶች ሁሉ ያስገረመኝ የፊት መብራት ነው። በእኛ ዘንድ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ቢያደርግ «መጣሁ፣ እንዳትገባ» ማለቱ ነው። እዚያ አገር ግን ብዙውን ጊዜ «እለፍ፣ ቆሜልሃለሁ» ማለት ነው። ልብ በሉ፤ መብራቱ አንድ፣ ብልጭታው አንድ፣ ትርጉሙ ግን ተቃራኒ ነው። አዲስ አበቤው እዚያ ሄዶ በልማዱ «መጣሁ» ብሎ ብልጭ ቢያደርግ፣ አሜሪካዊው «አመሰግናለሁ» ብሎ ይገባበታል። ይህን የሚነግር የፈተና መጽሐፍ አላየሁም።

ወደ አራቱ «ቁም» ልውሰዳችሁ። በአሜሪካ ሰፈሮች ውስጥ መብራትም ትራፊክ ፖሊስም የሌለበት፣ በአራቱም አቅጣጫ ቀይ ባለ ስምንት ማዕዘን የ«ቁም» ምልክት የተተከለበት መስቀለኛ መንገድ ሞልቷል። ሕጉ አጭር ነው። ሁሉም ፈጽሞ ይቆማል፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሄዳል፤ እኩል የደረሱ እንደሆነ በቀኝ በኩል ያለው ይቀድማል። ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳይቆጣ፣ አራት መኪና አንድ በአንድ ተራውን ጠብቆ ሲያልፍ ቆሜ ተመልክቻለሁ። በወፍጮ ቤትና በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላደግን ሰዎች ተራ አዲስ ነገር አይደለም፤ ተራ አስከባሪ የሌለው ተራ ግን አዲስ ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ ነው ጨዋነታችን የሚፈትነን። ተራው የእኛ ሆኖ ሳለ «እርስዎ ይለፉ» ብለን እጃችንን እናወናጭፋለን። ያኛው ደግሞ ተራው እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ይቆማል። እኛ ቆመናል፣ እርሱም ቆሟል፣ ሌሎቹም ግራ ተጋብተው ቆመዋል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። ሁለትና ሦስት ረድፍ ባለው መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ እኔ ቆሜ በእጄ «እለፍ» ያልኩትን ሰው፣ ከጎኔ ባለው ረድፍ የሚመጣው አያየውም። አጎቴ ይህን ሲያስረዱ ይስቁ ነበር፦ «ቤት ውስጥ ‹በሞቴ› ብለሽ ታጎርሻለሽ። እዚህ መሐል መንገድ ላይ ‹በሞቴ› ብትይ ግን ቃልሽ ይፈጸማል።» የዚያ አገር ሾፌር ሌላውን የሚያከብረው ቅድሚያውን በመልቀቅ ሳይሆን፣ ከእርሱ የሚጠበቀውን ሳይጨምር ሳይቀንስ በመፈጸም ነው። ለጋስ ሳይሆን የማይለዋወጥ መሆን ነው ክብሩ።

ይህ ሐሳብ ከሞተር የቀደመ ሳይሆን አይቀርም። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጣችውን የመንገድ ደንብ ያረቀቀው ዊልያም ፌልፕስ ኢኖ፣ መንገዱን የሞላው ገና የፈረስ ጋሪ ነበር። እርሱ ራሱም ዕድሜውን በሙሉ መኪና መንዳት አልተማረም ይባላል። የሚነዳ ሰው ባይሆንም የሚጓዝ ሰው ነበርና፣ የቸገረው ማሽኑ ሳይሆን ሰው ለሰው መንገድ የሚሰጥበት ሥርዓት ማጣቱ ነበር።

ለጀማሪ የሚጠቅሙ ሌሎች ነገሮችንም ላንሣ። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ቀይ መብራት ላይ ፈጽሞ ከቆሙና መንገዱ ነጻ መሆኑን ካዩ በኋላ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈቀዳል፤ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ግን የሚፈቅድ ምልክት ከሌለ ክልክል ነው። ፈጣን መንገድ ላይ የግራው ረድፍ ደርቦ ለማለፍ እንጂ ተዝናንቶ ለመሄጃ አይደለም። አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ ወደ ቀኝ ጠርዝ ወጥቶ መቆም ግዴታ ነው፤ ተከትሎ በተከፈተው መንገድ መሹለክ ነውርም ወንጀልም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ተከልክሏል። ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ያለፈ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ተራ ቅጣት አይደለም፤ በወንጀል ተከስሶ እስከ 12 ወር ሊታሰር ይችላል። ከእኛ አገር «ትንሽ ቸኩዬ ነው» የሚለው ምክንያት እዚያ ዳኛ ፊት ያቆማል።

በዚያው ክፍለ ግዛት ከዚሁ ወንጀል የሚቆጠር ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ቆሞ ልጆች የሚያወርድ ቢጫ አውቶቡስ ማለፍ ነው። የተማሪ አውቶቡሶች ቢጫ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላይ በተደረገ ስብሰባ የተወሰነ ነው። አውቶቡሱ ሲቆም ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከጎኑም «ቁም» የሚል ምልክት እንደ ክንፍ ይዘረጋል። ከኋላ የሚመጣውም፣ መሐሉ በአካፋይ ካልተለየ በቀር ከፊት ለፊት የሚመጣውም ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና፣ ሁለት ታክሲ፣ አንድ የፖሊስ መኪናና የእኛ መኪና ቆመን፣ ቦርሳዋ ከቁመቷ የሚበልጥ አንዲት ሕፃን የጫማዋን ማሰሪያ እየጎተተች ስትሻገር ጠብቀናል። ክላክስ ያሰማ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰንበር ያለው ልብስ ለብሰው፣ «ቁም» የሚል ሰሌዳ ይዘው ጓደኞቻቸውን የሚያሻግሩት ተማሪ ትራፊኮች ትዝ አሉኝ። እዚያ ሕጉ ልጅን ያሻግራል፤ እዚህ ልጅ ሕጉን ተሸክሞ መንገድ ላይ ይቆማል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ፖሊስ ነው።

በእኛ አገር ትራፊክ ፖሊስ በአብዛኛው እግረኛ ነው። እጁን ያነሣል፤ ሾፌሩ ዳር ይይዛል፤ ከመኪናው ይወርዳል፤ ወደ ፖሊሱ ይሄዳል። ትሕትና ያለው ሾፌር ኮፍያውንም ያወልቃል። መኪናው ውስጥ ተዘፍዝፎ መጠበቅ «ና ወደ እኔ» እንደማለት ነውና ንቀት ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ፍጹም የተገላቢጦሽ ነው። የፖሊስ መኪና ከኋላ መብራቱን ሲያበራ፣ ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ ዳር መያዝ፣ ሞተር ማጥፋት፣ መስኮት ዝቅ ማድረግ፣ ማታ ከሆነ የውስጡን መብራት ማብራት፣ ሁለቱንም እጅ መሪው ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። መንጃ ፈቃድ እስኪጠየቅ ድረስ አይፈለግም። ሲጠየቅም «ኪሴ ውስጥ ነው፤ ላወጣ ነው» ተብሎ ተነግሮ፣ ቀስ ተብሎ ይወጣል። ሳይታዘዙ በር መክፈት የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጦር መሣሪያ በየቤቱና በየመኪናው ባለበት አገር፣ ወደ መስኮቱ የሚጠጋው ፖሊስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እጅ ነው።

አጎቴ ይህን የተማሩት በገቡበት ዓመት ነው። አንድ ሌሊት ከሥራ ሲመለሱ የፖሊስ መኪና አስቆማቸው። «ሰው አክባሪ ቤት ነው ያደግሁት» አሉኝ። «ፖሊሱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ቀድሜው ልድረስ ብዬ ወረድኩ። ኮቴን ቆለፍኩ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ከዚያ መንጃ ፈቃዴን ላቀርብለት እጄን ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።» እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ፖሊሱ ይጮኻል፤ እንግሊዝኛው ፈጥኖባቸው አልገባቸውም። የገባቸው ሽጉጡ ነው። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ድርቅ ብለው ቀሩ። መድረቃቸው አተረፋቸው። «እጄን ባወጣ ኖሮ ያለቀልኝ ነበር። የሚገድለኝ ደግሞ ድፍረቴ አይደለም፤ አክብሮቴ ነበር። ያን ለታ ነው የተማርኩት፤ እዚህ አገር እጅ የሚነሣው መሪ ላይ ነው።»

ይህ የመጤ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ የ32 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ፣ ቀበቶውን እንዳሰረ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ካስቆመው ፖሊስ በተተኮሰ ጥይት ሞቷል። ፈቃድ ያለው መሣሪያ መያዙን ለፖሊሱ በጨዋ ቃል አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ፖሊሱ ተከስሶ በ2017 ነጻ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ቴክሳስ ተማሪዎችና አዲስ ሾፌሮች ፖሊስ ሲያስቆማቸው እንዴት እንደሚሆኑ፣ ፖሊሶችም እንዴት እንደሚሆኑ እንዲማሩ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ትምህርቱ ያስፈለገው ለአገሬው ልጅም ጭምር መሆኑ ብዙ ይናገራል። ሥርዓቱን መጠበቅ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ በተለይ ቆዳችን ጥቁር ለሆነው።

እንግዲህ የሰው አገር መንገድ ገነት ነው ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ42,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ አልቋል። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው ዘገባ፣ በ2021 በዓለም መንገዶች ከሞቱት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መሞታቸውን ይናገራል፤ ከዓለም መኪና በእነዚህ አገሮች ያለው ስድሳ ከመቶ ያህሉ ሆኖ ሳለ። እኛ የምንኖረው በዚህኛው ወገን ነው። ስለዚህ ከዚያ የሚመለስ ሰው «ያየሁትን ላምጣ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ይህስ እንዲህ ቀላል ነው?

በ2015 ዓ.ም. አጎቴ ለዘመድ ጥየቃ መጥተው ነበር። አንድ ጧት ከመገናኛ ስንመለስ እኔ እነዳለሁ፣ እርሳቸው ከጎኔ ናቸው። ዜብራው ጫፍ ላይ ዘንቢል የያዘች ሴት ቆማለች። «ቁሚላት እንጂ!» አሉኝ። ቆምኩ። ከኋላ ክላክሱ ተንጫጫ። ሴትዮዋ ግን አልተነቃነቀችም። ታየኛለች፤ አያታለሁ። መኪና ቆሞልኛል ብላ ማመን አልቻለችም። አጎቴ በመስኮት «እለፊ እናቴ!» አሏት። አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳረፈች። በዚያው ቅጽበት በግራዬ፣ በስፖኪዮው ውስጥ አንድ ሚኒባስ እየበረረ ሲመጣ አየሁ። የእኔ መቆም ከለላ ሆኖበት ሴትዮዋን አያያትም።

ግራ እጄን በመስኮት አውጥቼ መዳፌን ወደ መሬት ደጋግሜ ዝቅ አደረግሁ፤ አዲስ አበባ የነዳ ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ነው። ሚኒባሱ ጎማው እየጮኸ ቆመ። ሴትዮዋ ዘንቢሏን ደረቷ ላይ አቅፋ ሮጣ ተሻገረች።

አጎቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እኔ ላስገድላት ነበር» አሉ። አልተቃወምኳቸውም። ከአገር ይዘውት የሄዱት አክብሮት ያን ሌሊት ሊገድላቸው እንደነበረ ሁሉ፣ ከዚያ ይዘውት የመጡትም አክብሮት ሴትዮዋን ሊገድላት ነበር። ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ሲያከብረው ገና ሕግ አይሆንም፤ የኋለኛው፣ የጎንዮሹና የሚሻገረው ሰው አብረው ሲያምኑት ነው ሕግ የሚሆነው። እስከዚያው ድረስ ለሚቆም ሾፌር ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ቁሙ፤ ግን ከመቆማችሁ በፊት ስፖኪዮውን እዩ፣ ስትቆሙም እጃችሁን በመስኮት አውጡ። ከኋላችሁ የሚመጣው ምልክቱን ባያነብ እንኳ እጃችሁን ያነባል።